ስለ መድረክ ኤፌክት ማሽን ጠይቁኝ

ከሚክሰር ጀርባ መቆም ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ሰርግ፣ ቸርች፣ የባህል ምሽት፣ የሜዳ ኮንሰርት፣ ሁሉንም ሠርቻለሁ። ዛሬ ማታ ድምፃዊው እየዘፈነ እዚያው በዚያው ሪቨርብ (በትልቅ አዳራሽ እንደሚቀር ድምፅ)፣ ዲሌይ (ድምፁን ዘግይቶ የሚደግም) ወይም የድምፅ ማስተካከያ (የሳተውን ድምፅ ወደ ኖታው የሚመልስ) ስለሚሠሩ ማሽኖች ጠይቁኝ። ስትጠይቁ ሦስት ነገር ጻፉልኝ፦ ምን ሚክሰር አላችሁ፣ ምን ድምፅ ያልፍበታል፣ የት ነው የምትሠሩት። ከሁሉም በፊት ግን፣ ዕቃው ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ሳትሰኩት ጀርባውን አንብቡ። 120 ቮልት ብቻ ካለ በኛ 220 ይቃጠላል። የሶኬት መቀየሪያ ቅርፅ እንጂ ቮልት አይቀይርም። እኔ ራሴ ወንድሜ የላከልኝን ሪቨርብ በዚህ አቃጥያለሁ፤ ሽታው ሳምንት ሙሉ ከክፍሌ አልወጣም።

ኪቦርዲስቱ ከአዳማ፦ ጋሼ፣ ጥሩ ላፕቶፕና ሳውንድ ካርድ አለኝ። የሁለት ድምፃውያን ኤፌክት በሱ ብሠራ ምን ይጎድለኛል?

መልስ፦ ጊዜ ይጎድልሃል። ላፕቶፕ ድምፁን በቁራጭ በቁራጭ ነው የሚቀበለው። በ48 ኪሎሄርዝ (በሰከንድ 48,000 ሳምፕል፣ ማለትም የድምፅ ልኬት) ቁራጩን 256 ሳምፕል ካደረግከው አንዱ 5.3 ሚሊሰከንድ ነው። ሲገባ አንድ፣ ሲወጣ አንድ፣ በጠቅላላው ወደ 11 ሚሊሰከንድ ይጠጋል፤ የሳውንድ ካርዱ የራሱ መዘግየትም አለ። ድምፅ በአየር ላይ በአንድ ሚሊሰከንድ 34 ሴንቲሜትር ያህል ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ሞኒተሩን (ራስህን የምትሰማበትን ስፒከር) አራት ሜትር ገደማ ከራስህ ማራቅ ማለት ነው። አንተ ኪቦርድ ስትመታ ትችለዋለህ። ጆሮው ውስጥ ማዳመጫ የሰካ ድምፃዊ ግን የራሱን ድምፅ በአጥንቱ በኩል ወዲያው ይሰማል፣ በማዳመጫው ደግሞ ዘግይቶ ይመጣበታል። «ድምፄ ጠፋብኝ» የሚልህ ያኔ ነው።

ቁራጩን ወደ 64 ብታወርደው 1.3 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ግን ላፕቶፑ በየ1.3 ሚሊሰከንዱ ሥራውን ጨርሶ ማስረከብ አለበት። ዋይፋዩ ሲነሳ ወይም ሲስተሙ አፕዴት ሲፈልግ አንዱን ካሳለፈው ስፒከሩ «ጧ» ይላል። ለዚሁ ብቻ የተሠራ ማሽን ውስጥ ያለው ቺፕ ሌላ ሥራ የለውም። የምትከፍለው ለዚያ ነው።

ሳሚ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፦ እኔ አራት ዓመት በላፕቶፕ ሠርቻለሁ፣ አንድም ቀን አላቆመብኝም።

የቸርቹ ሳውንድማን፦ አንተ ጋ መብራት አይቆራረጥማ።

ሳሚ፦ ላፕቶፕ እኮ ባትሪ አለው፤ መብራት ሲሄድ የሚጠፋው ያንተ ማሽን ነው።

መልስ፦ ሳሚ በዚህ ልክ ነው። ሚክሰሩንም የኤፌክት ማሽኑንም በዩፒኤስ (ባትሪ ባለው የመብራት መጠባበቂያ) አድርጉ፤ መብራት ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልት ነው የሚገድላቸው። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

አዲስ አባል፦ ጥሩ ኤኮ ማሽን የቱ ነው?

መልስ፦ ኤኮ ስትል ሪቨርብ ነው ዲሌይ? ሚክሰርህስ? ከላይ ሦስት ነገር ጻፉ ብያለሁ።

ዘማሪት ከሐዋሳ፦ ቸርቻችን ቆርቆሮ ጣሪያ ነው፣ ግድግዳው ሲሚንቶ። ሚክሰሩ ያማሃ ኤምጂ 16 ኤክስዩ ነው። ቃሉ አይሰማም ይላሉ። የውጭ ሪቨርብ ብንገዛ ይሻላል?

መልስ፦ አትግዙ እህቴ። አዳራሹ ራሱ ሪቨርብ ነው። ሚክሰራችሁ ውስጥ 24 ኤስፒኤክስ የሚባሉ የያማሃ ኤፌክቶች አሉ፤ ከነሱ አጭሩን ምረጡና ትንሽ ብቻ ጨምሩ። ስብከት ሲጀመር ኤፌክቱ ሙሉ በሙሉ ይጥፋ። ገንዘቡን ድምፅ የሚውጥ መጋረጃ ግዙበት።

ድምፃዊት ከባሕር ዳር፦ ድምፅ ማስተካከያ ያለው ፔዳል ልገዛ ነው። ባህላዊ ነው የምዘፍነው። ምን ልይ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ስንት ኤፌክት አለው አትበይ። ኖታዎቹን አንድ በአንድ ማጥፋትና ማብራት ይቻላል ወይ ብለሽ ጠይቂ። አብዛኛው ማሽን ሜጀርና ማይነር ታስቦ የተሠራ ነው። ዶ ሜጀር (ማሽኑ ላይ C) ላይ አድርገሽ አምባሰል ዝፈኚበት። አምባሰል ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ ፍላት (ከሬ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለችው)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። ማሽኑ ሬ ፍላትን አያውቃትም፤ ወይ ወደ ዶ ወይ ወደ ሬ ይጎትታታል። ላ ፍላትም እንደዚያው። ቅኝቱ እዚያው ጠፋ። አድማጩ ምን እንደሆነ ባይነግርሽም ማጨብጨቡን ሲያቆም ታዪዋለሽ።

ኖታ ማጥፋት ካልተቻለ እንዲህ አድርጊ። ከዶ ለሚነሳ አምባሰል ማሽኑን ላ ፍላት ሜጀር ላይ አድርጊው፤ አምስቱም ኖታ እዚያ ውስጥ ይገኛሉ። ሌሎቹም ከዶ ሲነሱ፣ ትዝታ ሜጀርና ባቲ ሜጀር በዶ ሜጀር ይሄዳሉ። ትዝታ ማይነርና ባቲ ማይነር በሚ ፍላት ሜጀር። አንቺሆዬ ግን የትኛውም ሜጀር ውስጥ አይገባም። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው፤ በሬ ፍላት ሜጀር ብትሞክሪው ላ ወይ ወደ ላ ፍላት ወይ ወደ ሲ ፍላት ትጎተትብሻለች። ለአንቺሆዬ ወይ ክሮማቲክ (አሥራ ሁለቱንም ኖታ የሚቀበል) ወይ ኖታ የሚያስመርጥ ማሽን ነው ያለው።

የማስተካከያውን ፍጥነት ደግሞ አዘግዪው። ፈጣን ከሆነ ጉሮሮሽ የሚያንሸራትታትን ሁሉ እንደ ደረጃ ይቆርጣታል። ትዝታ ያለዚያ መንሸራተት ትዝታ አይደለም።

የክራር ልጅ፦ ጋሼ፣ ክራር ግን በፒያኖ ቃና አይቃኝም። አያቴ በጆሮው ነው የሚቃኘው፤ ከኪቦርድ ጋር አይገጥምም።

ኪቦርዲስቱ ከአዳማ፦ እንግዲህ ባንድ ውስጥ ከገባህ በኪቦርዱ ትቃኛለህ።

የክራር ልጅ፦ ለምን? ኪቦርዱ ነው ወደ ክራሩ መምጣት ያለበት።

ሌላ አባል፦ ድምፃዊ ማስተካከያ ከፈለገ መጀመሪያ ይለማመድ። የድሮዎቹ ምን ማሽን ነበራቸው?

መልስ፦ የክራር ልጅ ያለው እውነት ነው፣ እኔም አልከራከረውም። ክራር ብቻ ሲያጅብ ማስተካከያውን አጥፉት። ባንድ ሲኖር አብሩት። ስለ ልምምዱ ሌላ ቀን እንነጋገር።

ዮኒ፦ ቤሪንገር ኤክስ 32 ሚክሰር ውስጥ አውቶ-ቲዩን (የድምፅ ማስተካከያ) አለ?

መልስ፦ የለም። ፒች ሺፍተር (ድምፁን በሙሉ ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርግ) አለ፣ እሱ ሌላ ነው። ስምንት የኤፌክት ቦታ አለው፤ ለሪቨርብና ለዲሌይ ሌላ ማሽን አያስፈልግህም።

የሰርግ ባንድ፦ የውጭ ኤፌክት ማሽን በኦክዝ (የድምፁ ቅጂ ከሚክሰሩ በሚወጣበት መስመር) ሰካን። ድምፃዊው በቧንቧ ውስጥ የሚያወራ ይመስላል።

መልስ፦ ማሽኑ ኤፌክቱን ብቻ ሳይሆን ደረቁንም (ኤፌክት ያልነካውን) ድምፅ እየመለሰ ነው። ሁለት ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ከመጣና በሚክሰሩ ካለው ደረቅ ድምፅ ጋር በእኩል ከተደባለቀ 250 ሄርዝን ያጠፋዋል፣ ከዚያ 750ን፣ ከዚያ 1250ን። የወንድ ድምፅ ሥጋው 250 አካባቢ ነው። ማሽኑ ላይ ሚክስ የሚለውን ሙሉ በሙሉ ኤፌክት፣ 100 ላይ አድርጉት። በኢንሰርት ከሰካችሁት ግን ድምፁ ሁሉ በማሽኑ ውስጥ ስለሚያልፍ 100 ላይ አታድርጉት፤ ደረቁም እንዲወጣ ሚክሱን ዝቅ አድርጉት። የተመለሰበትን ቻናልም ወደዚያው ኦክዝ አትላኩት፣ ይጮሃል።

የሰርግ ባንድ፦ ሠራ! አንድ ልጨምር። ዲሌዩ በጭክችካ ላይ ለምን ይጋጫል?

መልስ፦ ዲሌዩ ምቱን ለሁለት ስለሚከፍለው። ጭክችካ ምቱን ለሦስት ነው የሚከፍለው። እግራችሁ በደቂቃ 100 ጊዜ ከመታ አንዱ ምት 600 ሚሊሰከንድ ነው፤ ውስጡ ሦስት 200 አለ። ዲሌዩ 200፣ 400 ወይም 600 መሆን አለበት። 300 ካደረጋችሁት በከበሮው ሁለት ምት መካከል ይወድቃል። ስትገዙ ቴምፖ በእግር የሚመታበትና ትሪፕሌት (ምቱን ለሦስት መክፈል) የሚመረጥበት ይሁን።

ማሲንቆ ተጫዋች፦ ፒክአፕ (ንዝረቱን የሚይዝ መለጠፊያ) ለጥፌ በቀጥታ ሚክሰር ላይ ስሰካ ድምፁ ቀጭን ነው፣ ያፏጫል።

መልስ፦ ፒክአፕህ ፒዬዞ የሚባለው ዓይነት ነው። አንድ ሜጋኦም መግቢያ ያለው ፕሪአምፕ (ድምፁን ለሚክሰሩ የሚያዘጋጅ ትንሽ ማጉያ) መሀል አስገባ። ኤፌክት ከዚያ በኋላ ይምጣ።

አቤል፦ ከቨርጂኒያ ቮካል ፔዳል ልከውልኝ በመቀየሪያ ሰካሁት፣ አልበራም። ምን ይሆን?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መስመር አላነበብክም። አዳፕተሩ ላይ ምን ይላል? 120 ብቻ ከሆነ አሁኑኑ ንቀለው። ፔዳሉ ተርፎ ሊሆን ይችላል። የሚፈልገው ቮልት፣ ኤሲ ይሁን ዲሲ፣ መሀሉ ፖዘቲቭ ይሁን ኔጌቲቭ ራሱ ላይ ተጽፏል። ሦስቱም የሚገጥሙበት ለ220 የተሠራ አዳፕተር ፈልግ።

አንዲት እናት፦ ልጄ በገና ይደረድራል። በዐቢይ ጾም በጉባኤ ሲያቀርብ ድምፁ እየተቆራረጠ ይወጣል። ኤፌክት ይገዛለት?

መልስ፦ እማማ፣ ምንም አይግዙለት። ሳውንድማኑ ጌት የሚባለውን (ዝቅ ያለውን ድምፅ የሚዘጋውን) አብርቶበት ነው። የበገና ድምፅ በእንዚራው የሚነዝር ነው፤ ማሽኑ ንዝረቱ ቀስ ብሎ ሲያልቅ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ይዘጋዋል። ጌቱን ያጥፋ፣ ሎው-ካት የሚለውንም (ወፍራሙን ድምፅ የሚቆርጠውን) ቁልፍ ያጥፋው፣ ማይኩን በድምፅ ሳጥኑ ፊት አንድ ስንዝር አርቆ ያቁም። ሪቨርብ አይንካ። ልጁ ሲጀምር ሳውንድማኑ እጁን ከሚክሰሩ ላይ ያንሳ።