«ተዋሰ»፣ «ተበደረ» እና ሁለቱ የእንግሊዝኛ ግሦች

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ «ቦሮው» እና «ሌንድ» የተባሉትን ግሦች ስለሚያምታቱ የመጀመሪያውን «ተዋሰ»፣ ሁለተኛውን «አበደረ» ብዬ አስጽፌያቸዋለሁ። አተረጓጎሜ ትክክል ነውን?

መልስ፦ እያንዳንዱ ፍቺ ለብቻው ሲታይ ስህተት የለበትም፤ ሁለቱን ማጣመሩ ግን ተማሪውን ያሳስታል። እንግሊዝኛው የሚለየው ተቀባይን ከሰጪ ነው፤ ቦሮው የተቀባዩ፣ ሌንድ የሰጪው ድርጊት ነው። አማርኛ ይህን የሚገልጸው ቅድመ ቅጥያውን በመለወጥ ስለሆነ ተቀባዩ ተዋሰ ወይም ተበደረ፣ ሰጪው አዋሰ ወይም አበደረ ይባላል። «ተዋሰ»ን ከ«ተበደረ» የሚለየው ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱም የሚመለሰው ያው የተወሰደው ዕቃ ነው ወይስ አቻው የሚለው ነው።

አንዲት የጅማ እመቤት ድንገት እንግዳ መጥቶባት ከጎረቤቷ ረከቦትና ሙቀጫ ብታመጣ ተዋሰች እንላለን፤ የምትመልሰው ያንኑ ነውና። አንድ ጣሳ ጥሬ ቡና ብትወስድ ግን ቡናው ተቆልቶ፣ ተወቅጦና ተጠጥቶ ስለሚያልቅ፣ የምትመልሰውም ሌላ ቡና ስለሆነ፣ ተበደረች ማለት ይገባል። ገንዘብም እንዲሁ ነው፤ በወሬ መሃል «መቶ ብር አውሰኝ» የሚል አይጠፋም፣ በጽሑፍ ግን አልደግፈውም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ሁለቱን ለያይቶ ይደነግጋል፤ በብድር የገንዘቡ ወይም የሚያልቀው ነገር ባለቤትነት ወደ ተበዳሪው ሲያልፍ፣ በትውስት ዕቃው የሰጪው እንደሆነ ይቆያል። ተጫዋች ለሌላ ክለብ «በውሰት» ተሰጠ እንጂ «በብድር» የማይባለው ያው ሰው ስለሚመለስ ነው። ውለታ የተዋለለት ሰውም «ብድር መላሽ ያድርገኝ» ይላል፤ የሚመልሰው የተደረገለትን ሳይሆን አቻውን ነውና። ከባዕድ ቋንቋ የመጣውን «የውሰት ቃል» ማለታችን ብቻ ከደንቡ ያፈነግጣል፤ እስካሁን ለባለቤቱ የመለስነው ቃል የለም።

ስለዚህ ቦሮውን «ተዋሰ፣ ተበደረ»፣ ሌንድን «አዋሰ፣ አበደረ» ብለው ቢያስጽፏቸው ይሻላል። መስተዋድዱም ያግዝዎታል፤ ተማሪው «ከጎረቤቷ ተዋሰች»፣ «ለጎረቤቷ አዋሰች» ሲል «ከ» ባለበት ቦሮውን ከ«ፍሮም» ጋር፣ «ለ» ባለበት ሌንድን ከ«ቱ» ጋር እንዲያስገባ ያለማምዱት። «ቦሮው ሚ ዩር ፔን» የሚለውንም «እስክሪብቶህን ተዋሰኝ» ብለው በአማርኛ ያንብቡለት፤ ጉድለቱን ራሱ ይሰማዋል።