ቦምቤ ወይስ አዳማ ሬድ? መጀመሪያ የምትሸጥበትን ቀን ንገረኝ

ነሐሴ ከገባ ጀምሮ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ወሬያቸው አንድ ነው፤ ዘር፣ ዘር፣ ዘር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሁሉም ሰው መስኖውን ማሰብ ይጀምራል። እኔም እንደዚያው ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በግብርና ባለሙያነት ሠርቼ ጡረታ ብወጣም፣ ግማሽ ሄክታሬ ላይ ቆሜ የምጨነቀው በዚሁ ነው። ዛሬ ሦስት ጥያቄ መርጫለሁ። የመጀመሪያው ስለ ሁለቱ የሽንኩርት ዝርያዎች፣ ስለ ቦምቤና ስለ አዳማ ሬድ ነው፤ እሱ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። መቂ አጠገብ በኮንትራት የያዝኩት ሁለት ጥማድ መሬት አለኝ። ውሃ የምስበው በፓምፕ ነው። በዚህ መስኖ ሽንኩርት ልተክል አስቤያለሁ። አባቴ «አዳማ ሬድ ነው ብዙ የሚያመርተው» ይላል። ጓደኞቼ ደግሞ «ቦምቤ ካልሆነ አትልፋ» ይሉኛል። የቱ ነው ብዙ ኩንታል የሚሰጠው? መቼስ ልትከል? (ተ.፣ ከመቂ)

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤህ ውስጥ አንድ ነገር ፈልጌ አጣሁ። መቼ ልትሸጥ እንዳሰብክ አልጻፍክልኝም። ሽንኩርት የሚተከለው ከመሸጫው ቀን ወደ ኋላ ተቆጥሮ ነው። የዝርያው ነገር ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የራሴን ልንገርህ። የዛሬ ሦስት ዓመት እኔም እንዳንተ ሁለቱ መሃል ስዋልል ቆየሁና ግማሽ ሄክታሬን ለሁለት ከፈልኩት። አንዱ ጥማድ ላይ ቦምቤ፣ አንዱ ላይ አዳማ ሬድ። ችግኙን የተከልኩት ኅዳር 5፣ ሁለቱንም በአንድ ቀን ነው። ማዳበሪያውም ውሃውም እኩል። ቦምቤው በመቶ ቀን ገደማ፣ የካቲት አጋማሽ ላይ ቅጠሉ ተኛ። 48 ኩንታል አነሳሁ። አዳማ ሬዱ የደረሰው መጋቢት 10 ነው። 55 ኩንታል ሰጠኝ። ጎረቤቶቼ «አዳማ ሬድ አሸነፈ» አሉ። አባትህም ቢያይ ደስ ይለው ነበር።

ደብተሬ ግን ሌላ ነው የሚለው። በእነዚያ ሃያ አምስት ቀናት ውስጥ ከቆቃ እስከ ዝዋይ ያለው ሽንኩርት ሁሉ ወጣ። ዋጋው ተሰበረ፤ በሩብ ወረደ። ከ55 ኩንታል ላይ ሩቡን ቀንስ። እጄ የገባው የ41 ኩንታል ገንዘብ ነው። በዚያ ላይ አራት ጊዜ ተጨማሪ ውሃ አጠጥቻለሁ፤ ናፍጣው ከኪሴ ነው። ትሪፕስ ለምትባለው ደቃቅ የቅጠል ተባይም አንድ ዙር ረጭቻለሁ። በኩንታል ያነሰው በብር በለጠ።

ይህን ሰምተህ ወደ ጓደኞችህ እንዳትሮጥ። በተከታዩ ዓመት ነገሩ ተገለበጠ። ዘግይቼ ተከልኩ። ቦምቤው ገበያው ሞልቶ ሲፈስ ደረሰ። አዳማ ሬዱ ግን ፋሲካ አፋፍ ላይ ወጣ። ለዶሮ ወጥ የሚከተፈውን ሽንኩርት ታውቀዋለህ፤ እናትህን ጠይቃት። ነጋዴውም ደማቅ ቀዩን እያየ ነበር የሚያነሳው። ሁለቱም ዘር ያው ነበሩ፤ የተለየው የተከልኩበት ቀን ነው።

ስለዚህ እስክሪብቶ ያዝ። የእኛ የቀን መቁጠሪያ ለገበሬ ታስቦ የተሠራ ይመስለኛል። ከጳጉሜ በቀር ወሩ ሁሉ ሠላሳ ነው፤ ወደ ኋላ መቁጠር አያደክምም። የ2018 ፋሲካ ሚያዝያ 4 ላይ ዋለ። የ2019ኙ ግን ሚያዝያ 24 ነው። ሃያ ቀን ይለያያል! ለፋሲካ ብሎ አምና በተከለበት ቀን ዘንድሮም የሚተክል ሰው ሽንኩርቱን የሚያወጣው ገና ጾሙ ሳይጋመስ ነው ማለት ይቻላል። ደላላውም ይህን ያውቃል።

ነጋዴ ለበዓል የሚያነሳው ከበዓሉ አሥር ቀን ያህል ቀደም ብሎ ነው። እንግዲህ ሚያዝያ 12ን ያዝ። ቦምቤ ችግኝ መደብ ላይ 45 ቀን፣ ማሳ ላይ 100 ቀን ይቆያል እንበል። ድምሩ 145 ነው። ወደ ኋላ ስትቆጥር ዘሩን ኅዳር 17 ትዘራለህ፣ ችግኙን ጥር 2 ትተክላለህ። ለአዳማ ሬድ ችግኙን 50፣ ማሳውን 125 ቀን ያዝ። ዘሩ ጥቅምት 17፣ ተከላው ታኅሣሥ 7 ይሆናል። የታኅሣሥ ብርድ ችግኝ ስለሚያዘገይ አምስት ስድስት ቀን ብታስቀድም አይከፋም። መከሩ ሊደርስ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ውሃውን ማቆምህን እንዳትረሳ። ለክብደት ብሎ እስከ መጨረሻ የሚያጠጣ ሰው የሚጭነው ውሃ ነው፤ መንገድ ላይ ይበሰብሳል።

ይህን ሒሳብ ደግሞ አንተ ብቻ አይደለህም የምትሠራው። ሁሉም ለፋሲካ ካሰበ ፋሲካም ዋጋ እንደተሰበረበት እንደዚያ መጋቢት ይሆናል። ሁለት ጥማድህን በአንድ ቀን አትትከል። አንዱን ለበዓሉ አድርግ። ሌላውን ለሁለት ክፈልና በአሥራ አምስት ቀን ልዩነት ትከል። አንዱ ቢሰበርብህ አንዱ ይይዝሃል። ችግኝ ተከላው ሦስት ቀን መሆኑ ለሠራተኛ አያያዝም ያመቻል። በመቂ በተከላ ሰሞን የቀን ሠራተኛ ስንት እንደሚጠይቅ አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ።

በደብዳቤህ ጫፍ ላይ «ክረምት ላይ ተክዬ በመስከረም ዋጋ ብሸጥስ?» የምትል አንዲት መስመር አለች። በ2016 መባቻ አዲስ አበባ ላይ ኪሎው ከ100 ብር ማለፉ ከብዙ ሰው ልብ አልወጣም። ይቻላል። ግንቦት አጋማሽ ላይ ዘርተህ ሐምሌ 1 ብትተክል ቦምቤ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ይደርስልሃል። ሽንኩርቱን ስታደርቅም ዝናቡ አልፏል። ግን ዋጋው የሚወደደው በክረምት ሽንኩርት ማምረት ከባድ ስለሆነ ነው። ቅጠሉ ላይ ወይን ጠጅ መሳይ ነጠብጣብ ይወጣና በሳምንት ውስጥ ማሳውን ያቃጥለዋል። መሬትህ ዋልካ ከሆነ ይቅርብህ፤ ውሃ ይተኛበታል። አሸዋ ቀመስና ተዳፋት ከሆነ መደቡን ከፍ አድርገህ ግማሽ ጥማድ ላይ ሞክር። የኮንትራት ብርህን በሙሉ ግን እዚያ ላይ አትጣል።

አሁን የጠየቅከኝን ልመልስ። የቱ ብዙ ያመርታል? በእኔ ማሳ አዳማ ሬድ። በአንተ ማሳ አላውቅም፤ ራስህ መዝነው። ከሁለቱም ዝርያ አምስት አምስት ሜትር ርዝመት ያላቸው ሦስት ሦስት መደቦች ትከል። ዝርያዎቹን አፈራርቃቸው እንጂ አንዱን ሁሉ በአንድ ወገን አታድርግ። ቦዩ አፍ ላይ ያለው ሁልጊዜ ብዙ ውሃ ይጠጣል፤ ጫፍ ላይ ያለው ይጠማል። ሳታውቀው የውሃውን ሥራ ለዘሩ ትሰጣለህ። ስትመዝን የዳር ዳሩን መስመር ተወው። መንታውንና አበባ ያወጣውን ለብቻ መዝን፤ ነጋዴ አያነሳውም። ከዚያ የደረሰበትን ቀንና የዚያን ቀን ዋጋ ከጎኑ ጻፍ። ብዙ ሰው ኩንታሉን ይጽፍና ቀኑን ይረሳል። እኔ በሥራ ዘመኔ ያየኋቸው የሠርቶ ማሳያ መዝገቦች እንኳ ዋጋ የሚሞላበት ቦታ አልነበራቸውም። አሁን ሳስበው ይገርመኛል።

ዘሩን ስትገዛ ደግሞ ጠርጥር። የሽንኩርት ዘር ቶሎ ያረጃል። በተራ መጋዘን ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየ ጉልበቱ ያልቃል። አንድ ጊዜ ከአንድ ሱቅ ቆርቆሮው የሚያብረቀርቅ ዘር ገዛሁ። ባለሱቁ ወዳጄ ነበርና ቀኑን ለማየት አፈርኩ። መደቡ ላይ የበቀለው ከግማሽ በታች ነው። የጎደለውን ችግኝ ከጎረቤት ገዝቼ ሞላሁ፤ ዝርያው ምን እንደሆነ እሱም አያውቅም። አሁን መቶ ፍሬ ቆጥሬ እርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀምጣለሁ። በአሥር ቀን ሰማንያ ካልበቀለ አልዘራውም። አንተም ከመዝራትህ በፊት ለዚህ አሥር ቀን ተው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ነው። አባቴ ሸዋሮቢት አጠገብ ሽንኩርት ያለማል። እዚህ ሱቅ ውስጥ ትልልቅ ራስ የሚያወጣ ዘር በትንሽ ዩሮ አየሁ። በሻንጣ ብልክለት ምርቱ አይጨምርም? (የአባቷ ልጅ)

መልስ፦ እህቴ፣ አሳብሽ የተባረከ ነው። ዘሩን ግን ተይው። የእህቴ ልጅ ከዚያው ከአውሮፓ አንድ እሽግ አምጥቶልኝ ነበር። ሥዕሉ ላይ ያለው ሽንኩርት የልጅ ጭንቅላት ያህላል። ዘራሁ፣ ተከልኩ፣ አጠጣሁ። ቅጠሉ እስከ ጉልበቴ ደረሰ፣ አንገቱ ወፈረ። ራስ ግን የለም። አምስት ወር ጠብቄ ባሮ ሽንኩርት ሆኖ ቀረ። ባለቤቴ ቅጠሉን ቆርጣ ሾርባ ውስጥ ጨመረችው።

ነገሩ የቀን ርዝመት ነው። ሽንኩርት ራስ የሚቋጥረው ቀኑ የሚፈልገውን ያህል ሲረዝምለት ነው። ለሰሜን አውሮፓ የተዳቀሉት ዝርያዎች 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ ብርሃን ይጠብቃሉ። ፍራንክፈርት ላይ በሰኔ ቀኑ 16 ሰዓት ይደርስ የለ? በእኛ አገር ረጅሙ ቀን እንኳ 13 ሰዓት በቅጡ አይሞላም። ስለዚህ ዘሩ ሲጠብቅ ሲጠብቅ ይኖራል። ቦምቤና አዳማ ሬድ በአጭር ቀን ራስ የሚቋጥሩ ናቸው፤ እዚህ የሚሆኑትም ለዚያ ነው። በዚያ ላይ ዘር ያለ ፈቃድና ያለ ጤና ማረጋገጫ በሻንጣ ማስገባት አይፈቀድም። ከዘሩ ጋር በሽታም ሊገባ ይችላል። ለአባትሽ ብሩን ላኪላቸው። ዘር ፈልገው እንደሆነ መልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸውን ዝርያዎች ከታመነ ዘር አባዥ ይጠይቁ። ከተረፈም ጥሩ ሚዛን ይግዙበት።

ጥያቄ፦ ፎገራ ላይ ቲማቲም አለማለሁ። ዘወትር የምተክለው መልካሾላ ነው። አንድ ነጋዴ «ሃይብሪድ ካልሆነ አልገዛሽም፤ ጋሊሊያ ትከይ» አለኝ። የዘሩን ዋጋ ስሰማ ደነገጥኩ። ያዋጣኛል? (ከወረታ)

መልስ፦ እመቤቴ፣ ነጋዴው ለራሱ ልክ ነው። ሃይብሪዱ፣ ማለትም ድቅል ዘሩ፣ ሥጋው ደንደን ያለ ነው፤ ሩቅ መንገድ ሲጫን ቶሎ አይፈርጥም። መልካሾላ ከዚያ ይለሰልሳል። እንግዲህ የሚሸጡት የት ነው? ለባሕር ዳርና ለጎንደር ገበያ በማግስቱ የሚደርስ ከሆነ ከመልካሾላ የሚያስለቅቅዎ ነገር የለም። መኪናው ሁለት ቀን የሚጓዝ ከሆነ ሃይብሪዱ ዋጋውን ይመልሳል።

ግን ወጪው ዘሩ ብቻ አይደለም። ከፍሬው ዘር አስቀርተው በዓመቱ ቢዘሩት እናቱን አይመስልም፤ በየዓመቱ መግዛት ነው። ማዳበሪያ ይበላል። ፍሬው ስለሚከብድ ድጋፍ እንጨት ይፈልጋል። በ2004 የገባችው ቱታ የምትባለው ቅጠልና ፍሬ ሰርሳሪ ደግሞ ለሃይብሪድ አታዝንም። ርጭት ቢያመልጥዎ በመልካሾላ የሚከስሩት ትንሽ ነው፤ በሃይብሪድ የሚከስሩት ብዙ ነው።

ከገቡበት ዘሩን መደብ ላይ አይበትኑት። ዘሩ የሚሸጠው በፍሬ ቁጥር ነው፤ ችግኝ ማፊያ ሳህን ላይ አንድ አንድ ፍሬ ያስቀምጡ። ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ውስጥ ለተከላ ይደርሳል። ተከላውንም ለጾሙ ያስተካክሉት። የ2019 ዐቢይ ጾም የካቲት 29 ይገባል። ከተከላ እስከ መጀመሪያው ለቀማ 75 ቀን ብለው ይያዙ። ታኅሣሥ 15 ገደማ የተተከለ ጾሙ ሲገባ መለቀም ይጀምራል፤ ከዚያ በየሳምንቱ እየለቀሙ ይሸጣሉ። ለመጀመሪያው ዓመት ሩቡን መሬት ብቻ ሃይብሪድ ያድርጉት።

ዘሩን ሳይገዙ ግን ነጋዴውን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። ሳጥኑ የማነው? ሳጥን በእርስዎ ከሆነ፣ የማይመለሰውም ጭምር፣ ወጪው ላይ ይጻፉት። ባለፈው ዓመት አንድ ወዳጄ ሁሉን አስልቶ ሳጥኑን ረስቶት ነበር።