ጽጌረዳ የሸተተኝ ቀይ ወይን

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር ጠርሙሱን በጨርቅ ሸፍነን ወይን እንቀምሳለን። ባለፈው የደረሰኝ ቀይ ወይን ብርጭቆውን ሳላነሳው ጽጌረዳ ጽጌረዳ ሸተተኝ። ስቀምሰው ጣፋጭ አይደለም፤ መጨረሻው ላይ ቁንዶ በርበሬ አለው። የወይኑን ዝርያ ስገምት የጣሊያኑን «ኔቢዮሎ» ብዬ ጻፍኩ። ጨርቁ ሲነሳ ግን ሩኬ ሆነ፤ ስሙን እንኳ ሰምቼው አላውቅም። በምን ልለየው እችል ነበር?

መልስ፦ አፍንጫዎ ልክ ነበር። ኔቢዮሎም ጽጌረዳ ይሸታል፣ ቀለሙም ሳሳ ያለ ነው። ልዩነቱ ያለው ድድዎ ላይ ነው። ኔቢዮሎ ታኒኑ (ከፍሬው ቆዳና ዘር የሚመጣው፣ አፍ የሚያደርቀው ነገር) ድድን ጨምድዶ ይይዛል፣ ኮምጣጣነቱም ምራቅ ያስመጣል። ሩኬ ከእሱ ጋር ሲተያይ በሁለቱም ለዘብ ያለ ነው፤ አልኮሉ ግን ብዙ ጊዜ ከ13 እስከ 14 በመቶ ስለሆነ ጉሮሮ ላይ ሙቀት ይተዋል። ጽጌረዳው ሸቶዎት ድድዎ ካልደረቀ፣ ኔቢዮሎን ይሰርዙት።

ስሙን አለመስማትዎ አይግረምዎ። ሩኬ የሚታወቀው በሰሜን ጣሊያን፣ በፒዬሞንቴ፣ ካስታኞሌ ሞንፌራቶና አካባቢዋ ባሉ ሰባት ቀበሌዎች ነው። ሊረሳ ሲል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መልሰው ያነሱት የመንደሩ ቄስ ጃኮሞ ካውዳ ናቸው። እኔ እኚህን ቄስ ሳላመሰግን ሩኬ ጠጥቼ አላውቅም።

እኔን ለረጅም ጊዜ ያስቸገረኝ ኔቢዮሎ ሳይሆን ላክሪማ የሚባለው ሌላ ቀይ ዝርያ ነው። በጣሊያን ማርኬ ግዛት፣ በሞሮ ዳልባ ዙሪያ ይበቅላል፤ ስሙ «እንባ» ማለት ነው፤ ፍሬው ሲበስል ቆዳው ተሰንጥቆ ስለሚንጠባጠብ ነው ይባላል። እሱም ጽጌረዳ ነው፣ እሱም ለስላሳ ነው። አንድ ምሽት ሁለቱን ጎን ለጎን ቀድቼ ብርጭቆዎቹን የተጻፈበት ወረቀት ላይ አጋደልኳቸው። በሩኬው ውስጥ ፊደሎቹ ይነበቡ ነበር። ላክሪማው ግን ወረቀቱን ጋረደው፤ ጠርዙም ደማቅ ሐምራዊ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከማሽተቴ በፊት ቀለሙን እጽፋለሁ፤ ሽታው አንዴ ልቤን ከያዘው ዓይኔ የሚያየውን አያምንም።

ጽጌረዳ ከሚሸቱት ሌሎች ቀይ ዝርያዎች ውስጥ ብራኬቶ ብዙም አያሳስትዎትም፤ በብዛት ጣፋጭና አረፋማ፣ አልኮሉም ዝቅተኛ ነው። አሌያቲኮም ሙስካት የሚባለው ሽታው ጎላ ያለ ወይን ዘመድ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከደረቀ ፍሬ ተጠምቆ ጣፋጭ ሆኖ ይቀርባል።

በሚቀጥለው ቅምሻ ሩኬና ላክሪማን አብረው ይሸፍኑ፤ ኔቢዮሎም ሦስተኛ ይሁን። መጀመሪያ ወረቀቱን፣ ቀጥሎ ድድዎን ይጠይቁ፤ አፍንጫዎን መጨረሻ ላይ።