ከኮሮና መዘጋት በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ለተመለሳችሁ ልጆች (2013 ዓ.ም.)

ሰሞኑን የጎረቤቴ ልጅ ቤተሰቦቿን ልትጠይቅ መጥታ ቡና ላይ ተገናኘን። ሁለተኛ ዓመት ናት። ኮሮና ገብቶ ወደ ቤት የተሸኙት ገና ፍሬሽማን እያሉ ነው። «ጋሼ፣ ያለፈብኝን ጊዜ በምን ላካክሰው?» አለችኝ። ቶሎ አልመለስኩላትም። ጥያቄው የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። እናንተም ብዙዎቻችሁ ይህንኑ እያሰባችሁ ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ የእሷን ነገር ልንገራችሁ። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ ተገኘ፤ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጀመሪያ ግቢያችሁ ቆዩ ተባሉ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደየቤታቸው ተላኩ። የብዙ ግቢዎች ዶርም ለይቶ ማቆያ ሆነ። የዚህች ልጅ እናት ለሆቴሎች እንጀራ ያስረክባሉ። ሆቴሎቹ እንግዳ ሲያጡ ትእዛዙ ቀረ። ልጅቷ ሰፈሩን በስልክ አስተባብራ፣ ጠዋት ጠዋት በየቤቱ እያደረሰች እናቷን ከኪሳራ አወጣች። ይህን ሁሉ ስታወራኝ ግን የጀመረችው «ዝም ብዬ ቤት ተቀመጥኩ» ብላ ነው።

እኔ ትምህርት የተቋረጠብኝ በበሽታ አልነበረም። የአራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ተማሪ ነበርኩ። ስገባ ስሙ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ነበር። በ1967 ሁለተኛ ዓመት እጀምራለሁ ስል የእድገት በኅብረት ዘመቻ መጣ። ወደ 60 ሺህ የምንጠጋ ተማሪዎችና መምህራን በየገጠሩ ተሰማራን። ፊደል አስቆጠርን፣ ጉድጓድ ቆፈርን። የካቲት ላይ መሬት ከባለርስት ወደ ገበሬው እንዲዞር ያደረገው አዋጅ ሲወጣ ደግሞ ገበሬ ማኅበር ማደራጀት፣ መሬት መለካት መጣ። ስንመለስ ዩኒቨርሲቲው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ጠበቀን። እኛም የሄድነው ልጆች አልነበርንም።

መምህራኑ ቸኩለዋል። አንዱ ገና ከመግባቱ ሰሌዳውን ሞልቶ «ይኼን ታውቁታላችሁ» ብሎ ያልፋል። ማንም አያውቀውም። ማንም አላውቅም አይልም። የካልኩለስ መምህራችን ግን የመጀመሪያውን ቀን ጠመኔውን አስቀመጠና «እናንተ እዚያ ምን ስትሠሩ ነበር?» አለን። ዝም አልን። ከኋላ ወንበር፣ ከፋ ክፍለ ሀገር ዘምቶ የነበረ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ድምፁን ጎተት አድርጎ የሚናገር ልጅ ነው። መሬት በገመድ ይለኩ እንደነበር ተናገረ። አንዱ ማሳ በአንድ ጎኑ ወንዝ ነው፤ ጠርዙ ይጣመማል፤ ገበሬዎቹ በልኩ አልተስማሙም። እሱና ጓደኞቹ ገመዱን በእኩል ርቀት እየቋጠሩ ማሳውን በቀጫጭን ቁራጭ ሸነሸኑት፤ የእያንዳንዱን ስፋት አውጥተው ደመሩት። ወንዙ በጣም የሚጣመምበት ቦታ ላይ ቁራጩን የበለጠ አቀጠኑት።

መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ወንዙን ሣለ። ልጁን ጠርቶ «የት የት ነው የቆረጣችሁት?» አለው። ልጁ በጠመኔ መስመሮቹን አሰመረ። «ቁራጩ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ቢሄድስ?» አለን። ሰዓቱን ሙሉ ከዚያች ማሳ አልወጣንም። ኢንተግራል የሚባለው፣ የተጣመመን ነገር በቀጫጭኑ ከፋፍሎ መደመር፣ ያን ቀን ገባኝ። ኋላ ውኃ መሐንዲስ ሆኜ የስንት ወንዝ ፍሰት ስለካ ወንዙን በየቁራጩ እየከፈልኩ ነው የደመርኩት፤ ያ ልጅ ትዝ ሳይለኝ ቀርቶ አያውቅም።

ግን የጠየቀን ሰው እሱ ብቻ ነበር። የሚቆጨኝ ይኼ ነው። ሁላችንም የሆነ ነገር ይዘን መጥተን ነበር። አንዱ ወባ ሲያክም ከርሟል፤ አንዷ ከእሷ በዕድሜ የሚበልጡ እናቶችን ፊደል አስቆጥራለች። ማንም አላወራውም። በ1969 ደግሞ ከተማው ውስጥ ሰው መገደል ጀመረ። ማን የት እንደነበረ መጠየቅ ራሱ ያስጠረጥር ነበር። ያ የገመዱ ልጅ በዚያው ዓመት ክፍል መምጣት አቆመ። የት እንደደረሰ ዛሬም አላውቅም።

እናንተ መጠየቅ ትችላላችሁ። ለዚህ ነው አካክሱ ብዬ ለመምከር አፌ የማይታዘዘኝ። የጎረቤቴ ልጅ እንደምትለው የዶርም ልጆቿ አዲስ ናቸው፤ እንዳይጨናነቁ ተብሎ የድሮዎቹ ተበታትነዋል። ማታ ማታ እያንዳንዷ አልጋዋ ላይ ሆና ስልኳ ላይ ናት። ወጣቱ ስልክ ያበዛል፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም። የአንድ ዶርም ልጆች በቴሌግራም ሐንድአውት ሲላላኩ አይቻለሁ፤ አልጋቸው ጎን ለጎን ነው። ግን ደግሞ ያ ቴሌግራም ባይኖር በዝግ ጊዜው ምን ይዛችሁ ትቆዩ ነበር? በ2012 ሰኔ መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ የብዙዎቻችሁ ትምህርት አብሮ ነው የቆመው።

ስለዚህ ማታ ችከላ ከመጀመራችሁ በፊት ጎናችሁ ያለውን ልጅ ምን ስትሠራ ከረምክ በሉት። አልጋውን ሲያነጥፍ ጠይቁት። አባቱ ሞቶበት ሊሆን ይችላል። ሱቅ ከፍቶም ሊሆን ይችላል።

አካክሱ አልላችሁም ማለቴ ግን ለሒሳብ አይሠራም። የፍሬሽማን ሒሳብና ፊዚክስ በጥድፊያ ተጨርሶ ከሆነ አሁኑኑ ተመልሳችሁ ሥሩት። እንደ ታሪክና እንደ ሲቪክስ በኋላ አንብባችሁ አትደርሱበትም። ሦስተኛ ዓመት ላይ ዊዝድሮው የሚያስደርገው፣ ከትምህርት የሚያስወጣው፣ ያ ነው። ስንቱን ጎበዝ ልጅ አይቻለሁ፤ የወደቀው በሦስተኛ ዓመቱ ትምህርት ሳይሆን በአንደኛ ዓመቱ ክፍተት ነው።

የጎረቤቴን ልጅም ያልኳት ይህንን ነው። ያልተማራችሁትን ምዕራፍ በወረቀት ጽፋችሁ ለመምህሩ አሳዩት፤ ማካካሻ ክፍለ ጊዜ ጠይቁት። ጊዜ የለኝም ካለ የትምህርት ክፍል ኃላፊው ቢሮ ግቡ። አራት አምስት ሆናችሁ ግቡ፤ ብቻውን የሚሄድ ተማሪ «ነገ ና» ተብሎ ነው የሚመለሰው።