ለአቡነ ዮሴፍ ጠያቂያችን፦ ከሥርህ የሚነጠፈውን አትቀንስ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በታኅሣሥ ከላሊበላ ተነስተህ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ሁለት ሌሊት ልታድር ነው። በቅሎ አትከራይም፣ ዕቃህን በራስህ ጀርባ ትሸከማለህ። ቦርሳህ 14 ኪሎ ሆኖብህ «ፍራሹን ትቼ ጋቢ አንጥፌ ብተኛስ?» ብለሃል። ከእኔ በፊት የመለሱልህ «ሁለት ሌሊት ምን አላት፣ ቻል አድርጋት» ብለውሃል። እባክህ አትስማቸው። እኔ ይህንኑ ነገር በ2010 ዓ.ም. አድርጌዋለሁ፤ ያው ተራራ፣ ያው ወር፣ ክብደቱ እንኳ ያው ነው።

1. ብርዱን አስቀድመህ በቁጥር ያዘው። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የተራራው ጫፍ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። እንደ እኔ 4,000 አካባቢ የምታድር ከሆነ 1,500 ሜትር ወደ ላይ ሄደሃል ማለት ነው። በየ1,000 ሜትሩ ከ6 ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። ላሊበላ ሌሊቱን 10 ዲግሪ ብታድር አንተ ያለህበት ዜሮ ነው። ታኅሣሥ ደግሞ ሰማዩ ደመና የለውም፤ መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ሁሉ ይለቀዋል፤ ጠዋት ጓሳውን ውርጭ አንጥቶት ታገኘዋለህ። እኔ ደሴ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፣ የጦሳ ተራራን ብርድ የለመድኩ ነኝ ብዬ ነበር የወጣሁት። አይገናኙም።

2. የስሊፒንግ ባጉን (የመኝታ ከረጢቱን) ቁጥር ራስህ አንብብ፣ ሻጭም አከራይም አትመን። እኔ የተከራየሁት አዲስ አበባ ካለ አንድ ሱቅ ነው፤ ስሙን አልጠራም። ልጁ «ይሄ እስከ ነጌቲቭ 12 ይችላል» አለኝ። 2,000 ብር ማስያዣ ከፍዬ ወሰድኩ። ቁጥሮቹን ያነበብኩት ድንኳን ውስጥ ገብቼ በባትሪ ነው። መለያው ላይ ሦስት ቁጥር አለ። ኮምፈርት የሚለው ዘና ብለህ የምትተኛበት ነው፤ የእኔ 6 ዲግሪ ይላል። ሊሚት የሚለው ተኮማትረህ እንደምንም የምትተኛበት ነው፤ 2 ይላል። ኤክስትሪም የሚለው ነው ነጌቲቭ 12፤ እሱ ደግሞ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለውም፣ ለተወሰኑ ሰዓታት በሕይወት ለመቆየት ብቻ ነው፣ ሰውነትህ ከልክ በላይ የመቀዝቀዝ አደጋ ሳይቀርለት። ሱቁ የሚነግርህ ይህን የመጨረሻውን ነው። አንተ ግን ኮምፈርት የሚለውን ብቻ እይ፤ ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች ካልሆነ አትውሰደው። ስመልስ ይህን ብነግረው ልጁ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «አንብበህ መውሰድ ነበረብህ» አለኝ። ከዚያ ዚፑን እየጎተተ «ተበላሽቷል» ብሎ ማስያዣዬን አስቀረው። ዚፑ ስወስደውም ያስቸግር ነበር። ስትከራይ እዚያው ፊቱ ዚፑን ከላይ እስከ ታች ዝጋው፣ ክፈተው፣ በስልክህ ቪዲዮ ቅረጸው። ሁለት ጊዜ ሄጄ ለምኛለሁ፣ አንድ ብር አልመለሱልኝም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

3. ፍራሹ። ላሊበላ ያረፍኩበት ክፍል ውስጥ ዕቃዬን አልጋ ላይ ዘርግቼ መቀነስ ጀመርኩ፤ ልክ አንተ አሁን እንደምታደርገው። መጀመሪያ ያወጣሁት ፍራሹን ነው። ሁለት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ፣ 410 ግራም የሚመዝን ፎም። ከቦርሳው ውጭ ሲታሰር ትልቅ ስለሚመስል ዓይኔ ከባድ ነው አለኝ። የያዝኩትን ደግሞ ልንገርህ፦ 1 ኪሎ ከ300 የሚመዝን የካሜራ መቆሚያ፣ ሁለት ፓወር ባንክ፣ ሦስት ሱሪ፣ ለሁለት ቀን ሁለት ኪሎ በሶ። በዚያ ላይ ጋቢ። ጋቢውን በኋላ ቤት ስመዝነው 1 ኪሎ ከ600 ሆነ። 410 ግራም ጥዬ አራት እጥፍ ተሸክሜያለሁ።

መንገድ የመራን ልጅ የዚያው አገር ሰው ነው። ጠዋት ስንነሳ አጎዛውን ጠቅልሎ ትከሻው ላይ ሲያነግተው አይቻለሁ። ለምን አልጠየቅኩትም እያልኩ እቆጫለሁ።

ከምሽቱ 2 ሰዓት ደህና ነበርኩ። 4 ሰዓት ሲሆን ዳሌዬ ቀዘቀዘ። በጀርባዬ ስተኛ ጀርባዬ፣ በጎኔ ስዞር ትከሻዬና ዳሌዬ፤ መሬት የነካኝ ቦታ ሁሉ ውሃ ውስጥ የተነከረ ይመስል ነበር። ያለኝን ልብስ በሙሉ ከላይ ደረብኩ፣ ምንም አልለወጠም። ጋቢው የድንኳኑን ወለል እርጥበት ጠጥቶ ከብዷል፤ ጥጥ አንዴ ከረጠበ በዚያ ከፍታ አይደርቅልህም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ተነሥቼ ቦርሳዬ ላይ ተቀመጥኩ፣ ጉልበቴን አቅፌ ንጋትን ጠበቅኩ። የውሃ ኮዳዬ አፉ ላይ በረዶ ይዞ ነበር። ሲነጋ ጓደኞቼ ወደ ጫፉ ሲወጡ እኔ እግሬ ሊሸከመኝ አልቻለም። ሁለት ዓመት ያሰብኩበት ጉዞ ነበር። ቀይ ቀበሮውን እነሱ አዩት፣ እኔ ፎቶውን አየሁ።

መሪያችን አባቱ ቤት አወረደኝ። ሽማግሌው አጎዛ መደቡ ላይ አነጠፉልኝ፣ በላዬ ባና ጣሉብኝ፤ አራት ሰዓት ሙሉ እንደ ሕፃን ተኛሁ። ስነሣ «አባባ፣ እርስዎ እዚህ ብርድ እንዴት ይችሉታል?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ብርድ ከላይ የሚወርድ መስሎህ ነው፤ ከመሬት ነው የሚነሣ። እኛ መጀመሪያ ከሥር ነው እምናነጥፍ፣ ልብስ ኋላ ነው» አሉኝ።

ነገሩ እሳቸው እንዳሉት ነው። ስሊፒንግ ባግ የሚያሞቅህ በውስጡ በያዘው አየር ነው። በተኛህበት በኩል ክብደትህ ይጨፈልቀዋል፣ አየሩ ይወጣል፣ ከመሬቱ የሚለይህ ጨርቅ ብቻ ይቀራል። የፈለገው ውድ የላባ ባግ ቢኖርህ ከሥር ያለውን ሥራ አይሠራልህም፤ የሚሠራው ፍራሽ ነው። የፍራሽ ብርድ የመከላከል አቅም አር-ቫልዩ በሚባል ቁጥር ይለካል፤ ቁጥሩ ሲበዛ ብርዱን የበለጠ ይከላከልልሃል። ያ እኔ የተውኩት ፎም 2 ነው። ለውርጭ ሌሊት 4 አካባቢ እንድትይዝ ነው የምመክርህ። ሁለት ፍራሽ ስትደራርብ ደግሞ ቁጥሩ ይደመራል፦ 2 እና 2፣ 4። ሁለቱ ፎም 820 ግራም ነው፤ ከአንዱ ጋቢ በግማሽ ገደማ ያንሳል።

በአየር የሚነፋ ልያዝ ወይ ላልከው፦ በጎንህ የምትተኛ ከሆነ ለዳሌህ እሱን የሚያክል ምቾት የለም፣ ጥሩው ደግሞ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ግን ሁለት ነገር እወቅ። ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጠው፣ ለመዋኛ የተሠራው ዓይነት፣ ውስጡ ባዶ አየር ነው፤ አየሩ ውስጥ ለውስጥ እየዞረ ሙቀትህን ለመሬቱ ያስረክበዋል። ሁለተኛው እሾህ ነው። ሌሊት ከተነፈሰብህ የእኔን ሌሊት ታድራለህ። ከሥሩ አንድ ፎም ሳታነጥፍ፣ መለጠፊያውንም ሳትይዝ እንዳትወጣ።

የሶፋ ስፖንጅ አስቆርጠህ ለመሄድ ካሰብክም ተው። ይጨፈለቃል፣ እርጥበትም ይጠጣል። ማንኛውንም ፎም ከመግዛትህ በፊት ጫፉን ውሃ ውስጥ ነክረህ ጭመቀው፤ ውሃ ካወጣ አይሆንህም።

በ2012 ጥር ተመልሼ ሄድኩ። እህቴ ያመጣችልኝን ሁለት ፎምና ኮምፈርቱ ዜሮ የሆነ የላባ ባግ ይዤ፣ ቦርሳዬ ውሃ ሳይጨምር 10 ኪሎ ነበር። መቆሚያው ቤት ቀረ። ሱሪ አንድ፣ ለመኝታ ብቻ የሚሆን ደረቅ የውስጥ ልብስና ካልሲ፣ በሶው 600 ግራም። ጋቢ የለም። ላባ ከረጠበ ዋጋ ስለሌለው ባጉን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ነው የያዝኩት፤ ስተኛም ትንፋሼን ወደ ውስጥ አላስገባሁም። ማታ ኮዳዬን በሙቅ ውሃ ሞልቼ በካልሲ ጠቅልዬ እግሬ ሥር አደረግኩት። እስከ 11 ሰዓት ተኛሁ። በዚያ ከፍታ እንቅልፍ ለማንም ይቆራረጣል፣ እኔም ሁለቴ ነቅቻለሁ፤ ግን የቀሰቀሰኝ ብርድ አይደለም። ፀሐይ ስትወጣ ጫፉ ላይ ነበርኩ፤ ላስታ በሙሉ ከሥሬ ተዘርግቶ። ስንወርድ ጅብራ በሚባለው የደጋ ተክል መሐል ቀይ ቀበሮ ቆሞ አየን፤ አይጥ እያደነ ነበር፣ ቀና ብሎ አየንና ሥራውን ቀጠለ። ፎቶውን እኔው አነሣሁት።

4. ስለዚህ 14 ኪሎህን ቀንስ፣ ትክክል ነህ፤ በ14 ኪሎ ከላሊበላ በላይ ያለው የአሸተን ማርያም አቀበት ራሱ ጉልበትህን ይጨርሰዋል። ግን በኩሽና ሚዛን እያንዳንዱን ዕቃ መዝነህ ጻፈው፣ በዓይንህ አትገምት። ለብሰኸው የማትተኛበትን፣ የማትበላውን፣ የማትጠጣውን አስቀድመህ አውጣ። ፍራሹን መጨረሻ ላይ ድረስ አትንካው። ከመሄድህ በፊት አንድ ሌሊት በረንዳ ላይ፣ ሲሚንቶ ላይ ተኝተህ ሞክረው። የመንገዱን ሁኔታም እዚያው ላሊበላ ያሉ መሪዎችን ጠይቅ፣ የዓምናው መረጃ አይበቃህም።

በደሴ የምታልፍ ከሆነ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፤ ሁለቱንም ፎም አውስሃለሁ። ማስያዣ አልቀበልም።