የእንጨት ባቡር ከአዳማ፦ መብራት እስኪመጣ ጠይቁኝ

ፑንታ፦ ሰላም ቤተሰብ። አዳማ ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም፣ ድሪሉ ቆሟል እኔም ቆሜያለሁ። ስለ እንጨቷ የእንፋሎት ባቡር ብዙ ሰው በውስጥ እየጠየቀኝ ስለሆነ እዚሁ ጠይቁኝ፣ መብራት እስኪመጣ እመልሳለሁ። ላላያት፦ ስኬሏ 1 ለ 20፣ ከነቴንደሯ (ከኋላዋ የምትጎትተው የማገዶና የውሃ ጋሪ) 80 ሴንቲ ገደማ፣ ጓሮ ካለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት ተኩል ፈጀችብኝ፣ ከዛ ውስጥ አንዱ ዓመት የባከነው በራሴ ጥፋት ነው።

ጀማሪው፦ ጋሼ እኔም መስራት እፈልጋለሁ ከየት ልጀምር?

ፑንታ፦ ከጎማ። ካቢናውና ጭስ ማውጫው ስለሚያምር ሁሉም ከሱ ይጀምርና ጎማው አልዞርም ሲለው ቁም ሳጥን ላይ ይሰቅለዋል። ስድስቱ ጎማ ፍሬም ላይ ሆኖ በአንድ ጣት ስትገፋው ካልተንከባለለ ሌላ ነገር አትንካ።

የፍራንኮ ልጅ፦ ለምን 1 ለ 20 አደረግከው? ኢንተርኔት ላይ የማየው 1 ለ 22.5 ነው

ፑንታ፦ ጥሩ ጥያቄ። 22.5 የመጣው 45 ሚሊ ስፋት ያለው የመጫወቻ ሀዲድ በፋብሪካ ስለሚመረት ነው፣ 45ን በ22.5 ስታባዛው 1 ሜትር ከ1 ሴንቲ ምናምን ይመጣል፣ የሜትር ሀዲድ ማለት ነው። እኛ ጋ ግን ያ ሀዲድ ሱቅ የለም፣ ሀዲዱንም ራሴ ነኝ የምሰራው፣ ታዲያ ምን አስጨነቀኝ? የድሮው የጅቡቲ መስመር በሁለቱ ሀዲድ መሀል ልክ 1 ሜትር ነው፣ ለ20 ሲካፈል 5 ሴንቲ። ሜትሩን በ5 ታባዛለህ ሴንቲ ሆኖ ቁጭ ይላል፣ በቃ። 1 ሜትር ከ10 የሆነው ጎማ 55 ሚሊ፣ 1 ሜትር ተኩል የሆነው ቦይለር 75 ሚሊ። አንዴ ቁጭ ብዬ ሳሰላው 784 ኪሎ ሜትሩ መስመር በሙሉ በዚህ ስኬል 39 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከጓሮዬ ተነስቶ ሞጆን ያልፋል፣ ባለቤቴ ግን የፈቀደችልኝ ከበሩ እስከ ውሃ ታንከሩ ነው።

ባጃጅ 07፦ ጋሼ ተሳስተሃል ሀዲዱ 95 ሴንቲ ነው

ፑንታ፦ 95 የምጽዋ አስመራው ነው፣ የጣሊያን። የኛን የዘረጉት ፈረንሳዮች ናቸው፣ 1 ሜትር ነው። አዲሱ ደግሞ 1435 ሚሊ ነው፣ እሱ ሌላ ነገር ነው።

የናዝሬት ልጅ፦ አባቴ ከናዝሬት ድሬዳዋ በሊቶሪና ሄጃለሁ ይል ነበር፣ እሷም እንፋሎት ናት አይደል?

ባጃጅ 07፦ አዳማ በል

የናዝሬት ልጅ፦ አባቴ ሲሳፈር ናዝሬት ነበር ምን ላድርግ ቲኬቱን ልቀይርለት?

ባጃጅ 07፦ ሲሳፈር ነው፣ አሁን ግን አንተ ነህ የምታወራው

ፑንታ፦ የስሙን ነገር ሻይ ቤት ጨርሱት። ሊቶሪና እንፋሎት አይደለችም፣ በናፍጣ የምትሄድ የፊያት ስሪት ናት። ቀጣይ።

የሐዋሳዋ፦ ጋሼ በየቱ እንጨት ይሻላል? እኔ ጋ ባሕር ዛፍ ሞልቷል በነፃ

ፑንታ፦ እህቴ ባሕር ዛፉ ለማገዶ ይሁንልሽ። ባከነ ያልኩት ዓመት የሄደው በሱ ነው። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ጎማዎች ከአንድ ወፍራም የባሕር ዛፍ ጣውላ ቆረጥኩ፣ ሳምንት ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁ፣ አምሮ መስታወት መሰለ፣ ከዛ የአዳማ የበጋ ነፋስ ሁለት ወር ሲመታው ብለካው በአንድ በኩል 55 በሌላው 53፣ እንቁላል ሆኖልሻል። እንጨት ሲደርቅ በቁመቱ አያጥርም ማለት ይቻላል፣ የሚኮማተረው በጎኑ ነው፣ በጎኑም እኩል አይደለም፣ በቀለበቶቹ ዙሪያ የሚቀንሰው ከመሀል ወደ ልጡ ከሚቀንሰው እጥፍ ገደማ ነው፣ ስለዚህ ከአንድ ጣውላ የወጣ ክብ እርጥብ ከነበረ ክብ ሆኖ አይቀርም። አሁን ስስ ዋንዛ ሦስት ንብርብር አደርጋለሁ፣ የመሀሉን ጅማቱን አቋርጬ በኮላ አጣብቄ ሞርሳ ውስጥ አሳድረዋለሁ፣ አንዱ ሊኮማተር ሲል ሌላው ይይዘዋል። ጥሩ ኮምፔርሳቶ ካገኘሽ እሱም የተሰራው በዚሁ ዘዴ ነው። ጎማው ላይ ዘንግ ለሚይዘው ፒንና ፒኑ ለሚዞርበት ቀለበት፣ ለቦኮላው፣ ወይራ፣ ጠንካራ ስለሆነ ቶሎ አይበላም። ከሐይቁ ዳር የምታመጪው እንጨት ደግሞ የምትሰሪበት ክፍል ውስጥ ወር ይቀመጥ፣ ሳይደርቅ አትቁረጪ። ሳይደርቅ አትቁረጪ!

ተቆርቋሪ፦ ዋንዛ እያለቀ ነው እኮ ለመጫወቻ ዋንዛ መቁረጥ ነውር ነው

ፑንታ፦ ማን ዛፍ ቆረጠ? ቤት ዕቃ ሰሪዎች የሚጥሉትን ቁርጥራጭ ነው የምለቅመው። አንድ የአልጋ እግር ሦስት ጎማ ይወጣዋል።

ተማሪው፦ በእውነተኛ እንፋሎት ማስኬድ ይቻላል?

ፑንታ፦ የእንጨት ቦይለር ውስጥ እሳት? አይቻልም። ጣሳ ዘግታችሁም እንዳትሞክሩ፣ የታፈነ እንፋሎት ይፈነዳል። መሄድ ካለባት ትንሽ ሞተርና ባትሪ ቴንደሩ ውስጥ ደብቁ።

ዝምተኛው፦ ስንት ፈጀ በብር?

ፑንታ፦ አልቆጠርኩም፣ ባለቤቴም ባትቆጥረው ደስ ይለኛል።

ቶርኖ ቤት፦ ጋሼ እኔ ጎማዬ ለብቻው ሲሆን ቅቤ ነው፣ ጎን ለጎን የሚያያይዘውን ዘንግ ስገጥም ግን ይቆልፋል። አሽቼ አሽቼ ሰለቸኝ

ፑንታ፦ አሁን ወደ ቁም ነገሩ መጣን፣ ማሸት አያድንህም። ሁለት ነገር ፈትሽ። አንደኛ፣ በዘንጉ ቀዳዳዎች መሀል ያለው ርቀት በአክስሎቹ መሀል ካለው ርቀት ጋር አንድ መሆን አለበት፣ ግማሽ ሚሊ ብትስት ይቆልፋል። በሜትር ለክተህ አታገኘውም፤ ሁለቱን ፍሬምና ሁለቱን ዘንግ አንድ ላይ ደራርበህ በሞርሳ ጠርቀህ ሁሉንም በአንዴ ብሳ፣ ብትሳሳትም ሁሉም እኩል ይሳሳታል። በመጀመሪያ ሁሉንም በ3 ሚሊ ፑንታ ብሳ፣ የፍሬሙን በኋላ ለአክስሉ ታሰፋዋለህ፣ ፒኑ 3 ከሆነ የዘንጉን ቀዳዳ 3.2 አድርገው፣ ትንሽ ይተንፍስ።

ሁለተኛው ሰው የማያስተውለው ነው። የግራና የቀኝ ፒን ፊት ለፊት አይቆምም፣ 90 ዲግሪ ይለያያል፣ የግራው ጫፍ ላይ ሲወጣ የቀኙ ወደፊት ይተኛል። ለምን? ፒስተን ጫፍ ሲደርስ ቢዬላው፣ ፒስተኑን ከጎማው የሚያያይዘው ዘንግ፣ ቀጥ ስለሚል ምንም ቢገፋ ጎማ ማዞር አይችልም፣ ሁለቱም ጎን በአንዴ እዛ ቦታ ቢቆሙ ባቡሩ ጣቢያ ላይ ደርቆ ይቀራል። በ90 ሲለያዩ አንዱ ሲደክም ሌላው ሙሉ ጉልበቱ ላይ ነው። የድሮው ባቡር ድምፅም ከዚህ ነው የሚመጣው፣ ሁለት ሲሊንደር፣ እያንዳንዱ ከፊትም ከኋላም ስለሚገፋ ጎማው አንዴ ሲዞር አራት ትንፋሽ፣ ችክ ችክ ችክ ችክ። ላንተ ዋናው ልክ 90 መሆኑ ሳይሆን ሦስቱም አክስል አንድ ዓይነት መሆናቸው ነው። 88 ከሆነ ሦስቱም 88 ይሁን። ከጣውላ አንድ መያዣ ስራ፣ አክስሉ የሚቀመጥበት ጉድጓድ፣ ለግራው ፒን አንድ ማቆሚያ ለቀኙ አንድ፣ ኮላው ሳይደርቅ ሦስቱንም በየተራ እዛው ላይ አድርቃቸው። በዓይንህ እያየህ አስተካክለህ ከሆነ አውቄዋለሁ፣ ፍታና እንደገና ጀምር።

ቶርኖ ቤት፦ በዓይኔ ነበር ጋሼ

ፑንታ፦ አላልኩም?

የፍራንኮ ልጅ፦ ቦይለሩን ከምን ሰራኸው? እኔ 75 የፍሳሽ ቱቦ አስቤ ነበር

ፑንታ፦ 12 ቀጭን የዋንዛ ጣውላ፣ ስፋቱ 20 ሚሊ፣ ሁለቱን ጠርዝ በ15 ዲግሪ አዘንብዬ እንደ በርሜል ገጥሜ በላስቲክ ከርቸም አሰርኩት፣ ኮላው ሲደርቅ ማዕዘኑን በመላጊያ አነሳሁት። ቱቦውም ልክ ይመጣል፣ ግን ኮላ አይዘውም።

ተቆርቋሪ፦ ፕላስቲክ ከገባበት የእንጨት ባቡር አይባልም

ባጃጅ 07፦ አንተ ደግሞ ዋንዛ ሲሆን ነውር ፕላስቲክ ሲሆን ነውር ከምን ይሰራ ከጭቃ?

ተቆርቋሪ፦ ከግራቪሊያ!

ፑንታ፦ ግራቪሊያም ይሆናል። ከደረቀ።

የናዝሬት ልጅ፦ ጋሼ ያንተ ምን ዓይነት ናት? አንዱ 2-6-0 አለኝ አንዱ 1-3-0 አለኝ ተጣልተዋል

ፑንታ፦ አስታርቃቸው፣ አንድ ናቸው። ቁጥሩ ከፊት ትንንሾቹን፣ ከመሀል በዘንግ የተያያዙትን ትልልቆቹን፣ ከኋላ ደግሞ ምንም ማለት ነው፤ እንግሊዝ ጎማ ይቆጥራል፣ ፈረንሳይ አክስል ይቆጥራል። የፈረንሳይ መስመር ስለሆነ እኔ መቶ ሰላሳ እላታለሁ።

ሰላም 21፦ ሰላም ጋሼ ባቡር ለመስራት ከየት ነው የሚጀመረው? ዝርዝሩን ብትልክልኝ

ፑንታ፦ ወደ ላይ አንብቢ።

ሰላም 21፦ አነበብኩ ግን በአጭሩ ብትነግረኝ

ፑንታ፦ ጎማ። ከዚህ በላይ አላሳጥረውም።

ጀማሪው፦ ጋሼ ጭስ ማውጫውን ሰርቼ ጨርሻለሁ ፎቶ ልላክ?

ፑንታ፦ አንተ ልጅ ምን ብዬህ ነበር? እሺ ላከው። ቆይ፣ መብራት መጣ። ሄድኩ።