ዳላስ ቤት ልትገዙ ነው? ከከተማው ስም በፊት የአድራሻውን ታክስ እዩ

ሰላም እህቴ። ከሜሪላንድ ወደ ዳላስ ልትመጡ እንደሆነ፣ ባለቤትሽ በትልቁ የዳላስ አካባቢ ኤርፖርት በዲኤፍደብሊው ሥራ እንዳገኘ፣ ሁለት ልጆች እንዳሏችሁ፣ እስከ 400,000 ዶላር አዲስ ቤት እንደምትፈልጉ ጽፈሽ "ከጋርላንድ፣ ከዋይሊ፣ ከፎርኒና ከፕሪንስተን የቱ ይሻላል?" ብለሻል። ብዙ ሰው የከተማ ስም እየጠራ መልሶልሻል። እዚህ ግን ከተሞቹ እርስ በርስ የተያያዙ ስለሆኑ ስማቸው ብዙ አይነግርሽም፤ መታየት ያለበት አድራሻው ነው። አንድ መንገድ ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት ቤቶች ካውንቲያቸውም፣ የልጆቹ ትምህርት ቤትም፣ መብራታቸውም ሊለያይ ይችላል።

1. ታክስ። ቴክሳስ የስቴት የገቢ ግብር የለውም፤ እውነት ነው። ገንዘቡ የሚሰበሰበው ግን ከቤት ላይ ነው። ካውንቲው፣ ከተማው፣ የትምህርት ቤት ዲስትሪክቱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ይጥላሉ፤ ሲደመር ብዙ ቦታ ከቤቱ ግምት 2 በመቶ ያልፋል። ፎርኒና ፕሪንስተን አካባቢ ያሉ አንዳንድ አዳዲስ ሰፈሮች ደግሞ "ማድ" ወይም "ፒድ" አለባቸው። ማድ ማለት የውሃውንና የፍሳሹን መስመር ለመዘርጋት የተወሰደውን ብድር ከነዋሪው የሚሰበስብ ዲስትሪክት ነው፤ ፒድ ደግሞ ለሰፈሩ መንገድና መሰል ሥራ ነዋሪው የሚከፍለው ተጨማሪ ክፍያ ነው። እነሱ ሲጨመሩ 3 በመቶ ሊጠጋ ወይም ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ርካሽ የመሰለሽ ቤት በወር ክፍያ ከውዱ እኩል ሊመጣ ይችላል።

ሰው በጣም የሚጎዳው ግን እዚህ ላይ ነው፣ ደጋግመሽ አንብቢው። በቴክሳስ ታክሱ የሚተመነው ቤቱ ጃንዋሪ 1 ቀን በነበረበት ሁኔታ ነው። በዚያን ቀን ቦታው ባዶ ከነበረ የመጀመሪያው ዓመት ታክስ የሚመጣው በመሬቱ ብቻ ነው። ለምሳሌ መሬቱ 80,000 ቢገመትና ታክሱ 2.3 በመቶ ቢሆን በዓመት 1,840 ዶላር ነው። ባንኩ ኤስክሮውን፣ ማለትም ለታክስና ለኢንሹራንስ በየወሩ ከእናንተ እየሰበሰበ የሚያስቀምጠውን ገንዘብ፣ በዚህ አስልቶ ከያዘው ወርሃዊ ክፍያችሁ ቀላል ይመስላል። በሚቀጥለው ዓመት ቤቱ በ380,000 ሲገመት ታክሱ 8,740 ይሆናል። ልዩነቱ 6,900 ነው፣ በወር 575 ዶላር። ባንኩ ደግሞ ያለፈውን ጉድለት በ12 ወር ከፋፍሎ ሌላ 575 ይጨምርበታል። በአንድ ደብዳቤ ወርሃዊ ክፍያችሁ በ1,150 ዶላር ዘለለ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ሁለተኛ ሥራ የገባ፣ ቤቱንም የሸጠ አለ፤ ያናድደኛል፣ ምክንያቱም አስቀድሞ ቢጠየቅ የሚታወቅ ነገር ነው። አንዳንድ የሽያጭ ቢሮ ይህን ስትጠይቂ ፊቱን ያጠቁርብሻል፣ "አበዳሪው ያስረዳሻል" ይልሻል። አትፈሪ። "ቤቱ ተሠርቶ ባለቀበት ሙሉ ግምት፣ ማዱንና ፒዱን ጨምራችሁ፣ የወሩን ክፍያ በጽሑፍ ስጡኝ" በዪ። አበዳሪውንም ኤስክሮውን ከመጀመሪያው በሙሉ ግምት እንዲይዝ ጠይቂው።

2. ሆምስቴድ። ይህ ራሱ ለሚኖርበት ቤት ባለቤቱ የሚያገኘው የታክስ ቅናሽ ነው። እንደገባችሁ መንጃ ፈቃዳችሁን በአዲሱ አድራሻ ቀይሩ፤ የፈቃዱ አድራሻ ከቤቱ ጋር ካልገጠመ ማመልከቻው ይመለሳል። ከዚያ 50-114 የሚባለውን ፎርም የቤት ግምት ለሚያወጣው የካውንቲው መሥሪያ ቤት (አፕሬይዛል ዲስትሪክት) አስገቡ፤ ቀነ ገደቡ ኤፕሪል 30 ነው። ለትምህርት ቤት ታክስ ከቤቱ ግምት 140,000 ይቀነስላችኋል፤ የትምህርት ቤቱ ታክስ 1 በመቶ ቢሆን በዓመት 1,400 ዶላር ነው። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮም ታክስ የሚከፈልበት ግምት በዓመት ከ10 በመቶ በላይ እንዳያድግ ይገድብላችኋል። ፎርሙ በነፃ ነው። የመንግሥት ደብዳቤ መስሎ "እናስገባላችሁ፣ ይህን ያህል ክፈሉ" የሚል ወረቀት በፖስታ ይመጣል፤ ጣሉት።

ወደ ከተሞቹ ስመጣ፣ በእናንተ ሁኔታ ፕሪንስተንን አልመክርም። በ2024 በአሜሪካ በፍጥነት በማደግ አንደኛ የወጣች ከተማ ናት፤ መንገዱና ውሃው ስላልተከተላት ከተማዋ ራሷ በዚያው ዓመት አዲስ የመኖሪያ ግንባታ ለጊዜው አቁማ ነበር። ዋናው መውጫ 380 የሚባለው አውራ ጎዳና ነው፣ ኤርፖርቱ ደግሞ 45 ማይል ገደማ ይርቃል። ፎርኒም ርቀቱ ያው ነው፤ ዳላስን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አቋርጦ መሄድ ነው። ዋይሊ ለልጆች ጥሩ ነው፣ ግን ዳርት የሚባለው የዳላስ አካባቢ የሕዝብ ትራንስፖርት ባቡር የለውም። ጋርላንድ ባቡርም አለው፣ የሐበሻ ሱቅና ቤተ ክርስቲያንም ቅርብ ነው፣ የትምህርት ቤት ዲስትሪክቱም ወላጅ ትምህርት ቤት እንዲመርጥ ይፈቅዳል። ቤቱ ግን አብዛኛው አሮጌ ነው። አጠገባቸው ያለችውን ሳክሲን ካያችሁ ተጠንቀቁ፤ ከፊሏ በጋርላንድ የትምህርት ቤት ዲስትሪክት፣ ከፊሏ በዋይሊ ነው። ያልጠየቅሽኝን ልጨምርልሽ፦ አዲስ ካልሆነ አንገዛም ካላላችሁ በስተቀር ዩለስንና ኧርቪንግን እዩ። ኤርፖርቱ አጠገብ ናቸው፣ ከኧርቪንግ የዳርት ኦሬንጅ መስመር ተርሚናል ኤ ድረስ ይገባል። ኧርቪንግ ውስጥም ቢሆን ከፊሉ ቤት በኮፔል ወይም በካሮልተን ፋርመርስ ብራንች ዲስትሪክት ስለሆነ በአድራሻው አጣሩ።

መሬቱን ደግሞ አትርሺ። ጋርላንድ፣ ዋይሊ፣ ፕሪንስተን፣ ፎርኒ ሁሉም ያሉት ጥቁር አፈር ላይ ነው፤ የእኛው ዋልካ በይው። ሲዘንብ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ የቤቱን ኮንክሪት ይዞት ይወርዳል። አሮጌ ቤት ስታዩ የበርና የመስኮት ማዕዘን ላይ በሰያፍ የሄደ ስንጥቅ ፈልጉ፣ በሮቹን ሁሉ ከፍታችሁ ዝጉ፤ የሚነክስ በር ካለ መሠረቱ ተንቀሳቅሶ ሊሆን ይችላል። በኦፕሽን ቀናት (ከተፈራረማችሁ በኋላ ውሉን መተው በምትችሉባቸው ቀናት) ውስጥ የቤት መሠረት የሚመረምር ስትራክቸራል ኢንጂነር አስገቡ። መሠረት ጠጋኝ ኩባንያ አታስገቡ፤ እሱ የሚሸጠው ጥገና ነው። ከገባችሁ በኋላ በበጋ ከግድግዳው አንድ ጫማ ተኩል ያህል ራቅ አድርጋችሁ የሚያንጠባጥብ ጎማ ዘርጉና አፈሩ እንዳይደርቅ አድርጉ።

ኢንሹራንስ ላይ የበረዶ ዲዳክቲብሉን፣ ማለትም በረዶ ቤቱን ሲጎዳ ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት እናንተ የምትከፍሉትን፣ አንብቡ። 2 በመቶ ከተባለ ከጉዳቱ ሳይሆን ቤቱ ኢንሹር ከተደረገበት ዋጋ ነው፤ በ400,000 ኢንሹር ለተደረገ ቤት 8,000 ዶላር ከኪሳችሁ ነው። መብራት ጋርላንድ ውስጥ በአብዛኛው የከተማው ስለሆነ ምርጫ የላችሁም። ሌላ ቦታ ኩባንያ ስትመርጡ "1,000 ኪሎዋት ሰዓት ሲሞላ 100 ዶላር ይመለሳል" የሚለውን ተጠንቀቁ፤ 999 ከተጠቀማችሁ አንድም ሳንቲም አይመለስም።

ከመፈረማችሁ በፊት በሥራ ቀን፣ የባለቤትሽ ሺፍት በሚጀምርበት ሰዓት፣ ከዚያው ቤት ደጅ ተነስታችሁ ኤርፖርቱ ሠራተኛ ፓርኪንግ ድረስ ንዱት። የቶሉንም (የክፍያ መንገዱን) ሒሳብ ያዙ፤ መኪናው ላይ የሚለጠፈው ቶልታግ ሳይኖራችሁ በዚፕካሽ፣ ማለትም በታርጋችሁ ቢል በፖስታ እየተላከላችሁ፣ ከሄዳችሁ እጥፍ ነው የሚመጣባችሁ።